ልጃችሁ አይሰማም ሲባል፦ የትኛውን መግባቢያ ትመርጣላችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ልጇን አዝላ በሬን አንኳኳች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እሷ ከእኛ ሦስት ብሎክ አልፋ ናት። ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። "አይሰማም አሉኝ" አለችኝ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። የእኔ ልጅ እንደማትሰማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለዚያ ነው ወደ እኔ የመጣችው።

ቡና አፈላሁላት። ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ምልክት ካስተማርኩት መናገር ይተዋል ይላሉ፣ እውነት ነው? ዩቲዩብ ላይ ያለውን የአሜሪካኖቹን ልጀምርለት? ወይስ ትምህርት ቤት እስኪገባ ልጠብቅ?

እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት እነዚሁኑ ጥያቄዎች ይዤ ስንከራተት ነበር። የሚመልስልኝ ሰው እስካገኝ አንድ ዓመት ተኩል አለፈ። ያ አንድ ዓመት ተኩል እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

ሐሳቤን ከአሁኑ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ያዙ። ልጁ ብቻውን ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ይማር። የጆሮ መሣሪያው፣ ንግግሩ፣ የከንፈር ንባቡ፣ ጽሑፉ በዚያ ላይ ይጨመራሉ። ለምን እንዲህ እንደምል አማራጮቹን እያነጻጸርኩ ላሳያችሁ።

የቤት ምልክት

ይህን ማንም አይመርጠውም፤ ራሱ ይመጣል። ልጁ ውሃ ሲፈልግ እጁን ወደ አፉ ያስጠጋል። እናንተም ትከተሉታላችሁ። ልጄ ማጅራት ገትር ታማ መስማት ያቆመችው በአንድ ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላት የእኛ ቤት ብቻ የሚያውቃቸው ሠላሳ የሚሆኑ ምልክቶች ነበሩን። ለአያቷ ግንባሯን ዳበስ ታደርጋለች፣ የሻሿ ማሰሪያ ያለበትን ቦታ። ውሃ ለሚያመጣው ቦቴ ሁለት እጇን እንደ መሪ ታዞራለች። መብራት ሲጠፋ መዳፏን ዓይኗ ላይ ትከድናለች።

ደስ ይላል። ለዕለት ሥራም ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው በዓይን የማይታይ ነገር መንገር ሲያስፈልግ ነው።

አንድ ጊዜ እናቴ ከእኛ ጋር ሁለት ወር ቆይታ ወደ አገር ቤት ተመለሰች። ለልጄ "አያትሽ ሄደች፣ ለፋሲካ ትመጣለች" ብዬ የምነግርበት ምልክት አልነበረኝም። "ለፋሲካ" እንዴት ተብሎ ይታያል? "ትመለሳለች"ስ? በሩን ጠቆምኩ፣ እጄን አወዛወዝኩ። አልገባትም። አራት ቀን ሙሉ ማታ ማታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። በአምስተኛው ቀን መጠበቁን ተወችው። ያን ጊዜ ነው ልጄ የጎደላት ድምፅ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ቋንቋ አልነበራትም።

የቤት ምልክት ብቻውን ወደ ቋንቋ ሲያድግ የታየው ልጆች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ነው። ኒካራጓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማናጓ ላይ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ በየቤታቸው ተቀምጠው ነበር። አስተማሪዎቹ የሚፈልጉት ስፓኒሽ እንዲናገሩና ከንፈር እንዲያነቡ ነበር። ልጆቹ ግን በእረፍት ሰዓት፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ የየቤታቸውን ምልክት ቀላቀሉት። ከእነሱ በኋላ የገቡት ትንንሾች ደግሞ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ አደረጉት። ዛሬ የኒካራጓ ምልክት ቋንቋ የሚባለው ይሄ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሚሰሙ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

የቤቱን ምልክት ግን አትናቁት። ወደ ዋናው ቋንቋ መሸጋገሪያ ይሆናችኋል።

የአሜሪካው ወይስ የኢትዮጵያው?

ብዙ ሰው ምልክት ቋንቋ በዓለም ላይ አንድ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን እንደሚለው ከ300 በላይ ምልክት ቋንቋዎች አሉ። ከሚነገረው ቋንቋ ጋር ደግሞ አብረው አይሄዱም። እንግሊዝና አሜሪካ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ምልክታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የለንደን ሰው የጣት ፊደል ሲጠቀም፣ ማለትም ፊደሎቹን አንድ በአንድ በእጅ ቅርጽ ሲያሳይ፣ በሁለት እጁ ነው፤ የኒውዮርክ ሰው በአንድ እጁ። የአሜሪካው የሚቀርበው ለፈረንሳዩ ነው። ምክንያቱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ሃርትፎርድ ላይ የአሜሪካን የመጀመሪያውን ቋሚ ትምህርት ቤት ከከፈቱት አንዱ ሎራን ክለር ነው፤ ራሱ መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ ነበር።

ወደ አፍሪካም የመጣው በሰዎች እጅ ነው። አንድሪው ፎስተር የሚባል መስማት የተሳነው ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 አክራ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ቀጥሎም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከ30 በላይ አቋቋመ። ብዙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ምልክት የአሜሪካውን የሚመስለው ለዚህ ነው። እኛም ዘንድ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሚሲዮናውያን መካኒሳ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የውጭ ምልክቶች አብረው ገቡ። መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ግን እዚያ ላይ አልቆሙም። የራሳቸውን ጨመሩ፣ ለወጡ፣ አሳደጉት። ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ ስምንት ወር ሙሉ ከስልኬ ላይ የአሜሪካውን ተማርኩ። ልጄንም አስተማርኳት። ከዚያ ቱሉ ዲምቱ ብየዳ ቤት ያለው አንድ በር ሠሪ መስማት እንደማይችል ሰማሁና ይዣት ሄድኩ። ልጄ እጇን አንስታ አንድ ነገር አለችው። ፈገግ ብሎ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በጣቱ የቆርቆሮው አቧራ ላይ በአማርኛ "ከየት ነው የተማራችሁት?" ብሎ ጻፈ። አንዳንዱ ምልክት ገብቶታል፤ የጋራ ሥር ስላላቸው። አብዛኛው ግን አልገባውም።

ያ ሰው ነው በኋላ ያስተማረን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ብየዳውን አቁሞ። ለልጄ የምልክት ስምም ያወጣላት እሱ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚያውቁትን ሰው በጣት ፊደል እየቆጠሩ አይጠሩትም፤ መልኩን ወይም ጠባዩን አይተው የምልክት ስም ይሰጡታል። ልጄ ጉንጯ ላይ ስርጉድ አላት፤ ስሟ እዚያ ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት በየመስተዋቱ ፊት ቆማ ስሟን ትጠራ ነበር።

ትልቁ ልዩነት ፊደሉ ላይ ነው። የአሜሪካው የጣት ፊደል ለላቲን 26 ፊደላት የተሠራ ነው። "ብርሃን" የሚለውን በዚያ ለመጻፍ መጀመሪያ ወደ ላቲን መቀየር አለባችሁ። የእኛው ግን ከፊደል ገበታው ጋር አብሮ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። "በ"ን በእጃችሁ ከያዛችሁ ቅርጹን ሳትለቁ እያንቀሳቀሳችሁ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያላችሁ ትወርዳላችሁ። ልጄ ሀሁን ያወቀችው እንዲህ ነው፦ ግድግዳው ላይ ገበታው፣ ከፊቱ የእሷ እጅ። ታላቅ ወንድሟ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ እሷ በጣቷ ትከተለው ነበር። ይህን የፈጠሩትን ሰዎች ባገኛቸው እጃቸውን እስማለሁ።

የእኛ ሰፈር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ግማሹ ቤተሰብ አማርኛ፣ ግማሹ አፋን ኦሮሞ ነው የሚያወራው። አንዳንድ ወላጆች "ይሄ የአማርኛ ምልክት ነው፣ ለእኛ ልጅ አይሆንም" ይላሉ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አማርኛ አይደለም። የራሱ ሰዋስው አለው። የአማርኛ ቤት ልጅና የኦሮምኛ ቤት ልጅ ሜዳ ላይ ተገናኝተው ያለ አስተርጓሚ ሲያወሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚሰሙት ወላጆቻቸው እርስ በርስ ለመግባባት ሲቸገሩ ልጆቹ ግን ይሳሳቃሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ለንባብ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ለዚያ የላቲኑ የጣት ፊደል ያስፈልጋል። ይህንን ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

ስለዚህ የአሜሪካውን ተዉት? አሁን ተዉት። ልጁ ሲያድግ፣ እንግሊዝኛ ሲያነብ፣ ሁለተኛ ቋንቋ ሆኖ ቢጨምረው ይጠቅመዋል። በሦስት ዓመቱ ግን የሚያስፈልገው የሚያወራው ሰው ነው። የሚያወራው ሰው ያለው ደግሞ ቃሊቲና ሳሪስ እንጂ ኒውዮርክ አይደለም። ዓለም አቀፍ ምልክት የሚባለውም በስብሰባና በጉዞ ላይ ለመግባባት የሚያገለግል ነው፤ ልጅ አያድግበትም።

አማርኛን በእጅ መተርጎም

አንዳንድ አስተማሪዎች አፋቸው አማርኛ እየተናገረ በእጃቸው ቃል በቃል ይከተላሉ። ለሚሰማ ሰው ቀላል ነው፤ አዲስ ሰዋስው መማር የለበትም። መግቢያ ላይ እኛም እንዲሁ ነበር የምናደርገው።

ግን አስቡት። "ሰጠኋት" በአማርኛ አንድ ቃል ነው። ማን ሰጠ፣ ለማን ሰጠ፣ ሁሉም ጫፍና ጫፉ ላይ ተለጥፏል። በምልክት ቋንቋ ደግሞ የመስጠቱ እንቅስቃሴ ራሱ ከእኔ ተነስቶ ወደ እሷ ይሄዳል። እንቅስቃሴው ይነግራችኋል። ጥያቄው ቅንድብ ላይ ነው። አሉታው ራስ ላይ ነው። ፊቱ የሰዋስው ክፍል ነው። አማርኛውን ቃል በቃል ስትከተሉ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ የቀረው የቃል ክምር ነው። በር ሠሪው አስተማሪያችን አንድ ቀን እጄን ያዝ አድርጎ "እጅሽ ያወራል፣ ፊትሽ ግን ተኝቷል" አለኝ። ከዚያ በኋላ መስተዋት ፊት መለማመድ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1960 ዊልያም ስቶኮ የሚባል ተመራማሪ የአሜሪካው ምልክት እንደማንኛውም ቋንቋ የራሱ ውስጣዊ አሠራር እንዳለው በጥናት አሳየ። ከዚያ በፊት ምሁራኑም ሳይቀሩ የእጅ ማወናጨፍ ነበር የሚመስላቸው።

የከንፈር ንባብና ንግግር

ጎረቤቴን በጣም ያስጨነቃት ይሄኛው ነው። "እናቴ ከንፈር ማንበብ ይማር፣ ሰው እንዲመስል ትላለች" አለችኝ። አያትየዋ ክፉ አስበው አይደለም። ልጁ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሰው እንዲሆን ፈልገው ነው።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ድምፅ ሳታወጡ መስተዋት ፊት "ማር" በሉ። አሁን "ባር" በሉ። ከንፈራችሁ አንድ ነው። "በራ" እና "መራ"ም እንዲሁ። አሁን ደግሞ "ቆዳ"፣ "ኮዳ"፣ "ጎዳ" በሉ። ሦስቱም የሚለዩት ጉሮሮ አካባቢ ነው፤ ከውጭ ምንም አይታይም። "ቀዳ" እና "ከዳ"ስ? ውሃ የቀዳው ሰው ከሃዲ ሆኖ ይነበባል። አማርኛ ደግሞ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የሚባሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ያሉት ቋንቋ ነው። ለጆሮ ከተ፣ ከከ፣ ከቸ፣ ከሰ ጋር ሰማይና ምድር ናቸው። ለዓይን ግን መንትያ ናቸው። የሚጠብቀውና የሚላላውም አለ፦ "ገና" በዓሉ ነው ወይስ "ገና ነው" የምንለው? ከንፈር ላይ አይገኝም።

ከንፈር በደንብ የሚያነቡ ሰዎች አሉ። እነሱም የሚያነቡት ቋንቋውን አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው። የጎደለውን ከዐረፍተ ነገሩ ይገምቱታል። ቋንቋ የሌለው ልጅ ከምን ይገምታል? አድጎ፣ አማርኛ አውቆ፣ ከዚያ በኋላ መስማት ላቆመ ሰው የከንፈር ንባብ ትልቅ ነገር ነው። ለሕፃን ግን ብቸኛ መንገድ ሆኖ ሲሰጠው ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጭካኔ በዓለም ላይ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች ምልክት ከትምህርት ቤት ይውጣ፣ በንግግር ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ። ከወሰኑት ውስጥ አብዛኞቹ የሚሰሙ ነበሩ። በብዙ አገር ልጆች በክፍል ውስጥ እጃቸው እየታሰረ፣ እየተመታ አደጉ። የዚያው ጉባኤ ወራሾች ውሳኔውን የሻሩትና የተጸጸቱት እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው።

"ምልክት ካወቀ መናገር ይተዋል" የሚለው ወሬም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ምልክት ንግግርን አያጠፋም። መጀመሪያ ቋንቋ ያገኘ ልጅ ሁለተኛውን ለመማር መሠረት አለው። ልጄ ዛሬ "እማ" ትላለች፣ "ና" ትላለች፣ የወንድሟን ስም ትጠራለች። ንግግር ማለማመዱን አልተውንም። ፍቅሯን፣ ቁጣዋን፣ ያየችውን ሕልም የምትነግረኝ ግን በእጇ ነው።

የጆሮ መሣሪያ እና ኮክሊያር ኢምፕላንት

መሣሪያ ከቋንቋ ጋር አይወዳደርም። አብሮ የሚሄድ ነው። ሰዎች ግን እንደ አማራጭ ስለሚያቀርቡት ልንገራችሁ።

የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ድምፅን ያጎላል። የተረፈ የመስማት አቅም ላለው ልጅ ብዙ ይረዳል፤ ምንም ላልተረፈው ግን የሚያጎላው የለም። ስለዚህ በመጀመሪያ ትክክለኛ ምርመራ። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ልጁ ባደገ ቁጥር መቀየር አለበት፤ ካልሆነ ይጮሃል፣ ይቆስላል። ባትሪ ይፈልጋል። የእኛ ሰፈር አቧራ በበጋ፣ ጭቃው በክረምት፣ ሁለቱም ጠላቶቹ ናቸው። ማታ በደረቅ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።

ኮክሊያር ኢምፕላንት ሌላ ነው። በቀዶ ሕክምና ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይገባና ነርቩን በኤሌክትሪክ ይነካል። ከውጭ ደግሞ ድምፁን የሚቀበል ክፍል ጆሮ ጀርባ ላይ ይደረጋል። በጣም ውድ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለዓመታት የንግግር ልምምድ ይፈልጋል። ሳይሰማ ለተወለደ ልጅ ደግሞ ከሦስት ዓመቱ በፊት ቢሆን የተሻለ ነው። ልጁ ሲተኛ፣ ሲታጠብ፣ ባትሪው ሲያልቅ መልሶ አይሰማም። ያን ጊዜ በምን ታወሩታላችሁ?

አንድ ነገር ግን በጣም አስቸኳይ ነው፤ ማንም ስላልነገረኝ ነው የምጽፈው። ልጃችሁ መስማት ያቆመው በማጅራት ገትር ከሆነ ውስጠኛው ጆሮ በሳምንታትና በወራት ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል። አጥንት ካበቀለ ሽቦውን ማስገባት ይከብዳል፣ አንዳንዴም አይቻልም። ስለ ኢምፕላንት የምታስቡ ከሆነ ቶሎ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኛ ስንሄድ ዘግይተን ነበር። አንድ ሐኪም "ትንሽ ትቆይ፣ ሊመለስ ይችላል" ብሎን ስምንት ወር ቆየን።

ጠበልም አለ። እኛም ሄደናል፣ እንጦጦ ድረስ። ማንንም ከጠበል አላስቀርም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እየጠበቃችሁ ቋንቋውን አስተምሩት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለቋንቋ የተከፈቱ ናቸው። ካለፉ በኋላ መማር አለ፣ ግን ዳገት ነው።

ጽሑፍ እና ስልክ

ሰዎች "መጻፍ ካወቀ ይበቃዋል" ይላሉ። ለአዋቂ ሰው ስልክ ሕይወት ለውጧል። በር ሠሪያችን ደንበኞቹን በቴሌግራም መልእክት ያስተናግዳል፤ ከጓደኞቹ ጋር በኢሞ ቪዲዮ ያወራል፣ ስልኩን ከማሽኑ ላይ አስደግፎ። ኔትወርኩ ሲደክም ምስሉ ይቆራረጣል፤ እጅ ግማሽ ላይ ሲቆም ዐረፍተ ነገሩም ግማሽ ላይ ይቀራል።

አማርኛ ግን ለእሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ሰምቶት አያውቅም። "ነገ እኔ በር አመጣ" ብሎ ሲጽፍላችሁ ያልተማረ ሰው ነው ብላችሁ አትፍረዱ። እኛስ በእሱ ቋንቋ ስንናገር እንዴት እንሆን?

ትምህርት ቤት፦ ቅርብ ያለው ወይስ ሩቅ ያለው?

እዚህ ዳር ላይ ለምንኖር ሰዎች ከባዱ ምርጫ ይሄ ነው። ከኮዬ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ቃሊቲ፣ ከዚያ ሳሪስ፣ ከሳሪስ በቀለበት መንገዱ ጀርመን አደባባይን አልፎ መካኒሳ። ልጅን ከለሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሶ፣ በጨለማ ታክሲ ሰልፍ ላይ አቁሞ። መመለሻው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቅርብ ያለው ትምህርት ቤት በእግር ሰባት ደቂቃ ነው።

እኛ መጀመሪያ ቅርቡን መረጥን። "እንቀበላታለን" አሉን። ተቀበሏት። ምልክት የሚያውቅ አስተማሪ ግን አልነበረም። ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ላይ ቀዳች። ደብተሯ የሚያምር ነበር። ከጻፈችው አንዱንም አታውቀውም። ጎበዝ ተማሪ ብለው ከክፍል አሳለፏት።

አሁን ራቅ ያለ ቦታ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ናት። በሳምንት አምስት ቀን የምታድረው እዚያው አቅራቢያ እህቴ ጋ ነው። ትናፍቀኛለች። ዓርብ ማታ ስትመጣ ግን ከበሩ ጀምራ እጇ አያርፍም። ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ አስተማሪዋ ምን ለበሰች፣ ሁሉን ትነግረኛለች። የፋሲካው በግ ስንት ቀን እንደቀረውም ትቆጥራለች። እናቴ ስትመጣና ስትሄድ ዛሬ ደረጃው ላይ የሚጠብቅ የለም።

ትምህርት ቤት ስታዩ ቢሮ ውስጥ ብቻ ተቀምጣችሁ አትመለሱ። በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ቁሙ። ልጆቹ እርስ በርስ በእጃቸው ያወራሉ? አስተማሪዋ ከልጆቹ ጋር ትስቃለች ወይስ ትጠቁማለች ብቻ? ራሱ መስማት የተሳነው አስተማሪ አለ? እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን የመጨረሻውን ነው። ልጄ መስማት የተሳነው አዋቂ ሰው ሥራ ይዞ፣ ቤት ሠርቶ እስክታይ ድረስ ስታድግ መስማት የምትጀምር ይመስላት ነበር።

መስማት የተሳናቸው ብቻ የሚማሩበት፣ በመደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ልዩ ክፍል ያለው፣ ወይም ከሚሰሙት ጋር ተቀላቅለው በአስተርጓሚ የሚማሩበት አለ። ለታናናሾች ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱን እመርጣለሁ። አስተርጓሚ ጠቃሚ የሚሆነው ልጁ ራሱ ቋንቋውን ካወቀ በኋላ ነው። "አንችልም" ካሏችሁ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳጸደቀች አስታውሷቸው። ስምምነቱ ምልክት ቋንቋን ከሚነገር ቋንቋ እኩል ቋንቋ ይለዋል።

ከነገ ጀምሮ

ለእኛ ለወላጆች መማሪያ ቦታ አለ። መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ስለ ሥልጠና መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ ከዚያ የወጡ ልጆች ቤት መጥተው ያስተምራሉ፣ ዋጋውን ተስማሙ። አቅም ከሌላችሁ እንደ እኛ ሰፈር ውስጥ ፈልጉ። ልብስ ስፌት ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ ጫማ ማደሻ ጋ፣ መስማት የተሳነው ሰው በየአካባቢው አለ። ሲያስተምሯችሁ ግን በነጻ አትውሰዱት።

ቤት ውስጥ ትንሽ ነገሮች አሉ። ከጀርባው አትጥሩት፤ ትከሻውን ነካ አድርጉት ወይም መብራቱን አብርታችሁ አጥፉት። መስኮቱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ አታውሩት፤ ፊታችሁ ይጨልማል። መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ እጃችሁ ላይ አብሩ። እንግዳ መጥቶ ስትስቁ "ኋላ እነግርሃለሁ" አትበሉት፤ ያኔውኑ ንገሩት። ደንቆሮ የሚሉትን ደግሞ በትሕትና አርሟቸው፣ በልጁ ፊት።

ጎረቤቴ ቡናው ሳያልቅ "ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ደብተር ሰጠኋት። ልጁ ራሱ የፈጠራቸውን ምልክቶች ሁሉ ጻፊ አልኳት፤ እጁ እንዴት እንደሚሆን፣ ምን ማለቱ እንደሆነ። ቅዳሜ በር ሠሪው ሲያገኘው ከእነዚያ ነው የሚጀምረው። ልጁ ያለውን ሳይቀማው አዲሱን ከጎኑ ያስቀምጥለታል።

ትናንት ደረጃ ላይ አገኘኋት። ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ ምልክት ደርሳለች። አሥራ አንደኛው የድመት ነው፤ ልጁ ሁለት ጣቱን ጉንጩ ላይ እየጎተተ አሳየኝ።